እንግሊዝኛ ስትናገሩ ድምፃችሁን አትቀንሱ

ልጆቼ፣

34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት 9ኛና 10ኛ ክፍል ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሰዋስው አይደለም። ሰዋስው ከብዶት እንግሊዝኛን እርግፍ አድርጎ የተወ ተማሪ ብዙም አልገጠመኝም። «አነጋገሬ ያስቃል» ብሎ የተወ ግን ስንቱን አየሁ።

አንድ የታዘብኩትን ነገር ላስቀድም። ልጁ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ሲያወራ ድምፁ ከሜዳው ማዶ ይሰማል። ያው ልጅ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ መልስ ሲባል ድምፁ ግማሽ ይሆናል። አገጩ ወደ ደረቱ ይወርዳል። ከንፈሩ እምብዛም አይከፈትም። ቶሎ ብሎ ለመቀመጥ ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ደግሞ የቃሉን መጨረሻ ይውጠዋል። እኔ አልሰማሁትምና «ምን አልክ?» እለዋለሁ። እሱ ግን ጥያቄዬን «አበላሸኸው» እንዳልኩት አድርጎ ይሰማዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ከፊተኛው ባነሰ ድምፅ ይለዋል። ወይም «ይቅር፣ ቲቸር» ብሎ ቁጭ ይላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ልጁ ቃሉን ያውቀዋል። ብቻውን ሲሆን አሳምሮ ይለዋል። ሰው ስለ አነጋገሩ ሲጠራጠር ድምፁ ይወርዳል፣ ይጣደፋል፣ አነጋገሩ በእርግጥም ይበላሻል። ከዚያ የተበላሸውን ራሱ ይሰማና «ይኸው፣ ብያለሁ እኮ» ይላል። በሚቀጥለው ቀን የበለጠ ይፈራል። አዙሪት ነው። ብዙዎቻችሁ «መጀመሪያ አነጋገሬን ላስተካክል፣ ከዚያ እናገራለሁ» ትሉኛላችሁ። እኔ እንዳየሁት ግን አነጋገር ሳይናገሩ አይስተካከልም።

እኔም በዚህ አዙሪት ገብቼ አውቃለሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ተራዬ ደርሶ ከመጽሐፉ ጮክ ብዬ ሳነብ ደሴት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጣ። «አይላንድ» እንደሚባል አላውቅም። የተጻፈውን ፊደል በፊደል አንብቤ «ኢስላንድ» አልኩ። መምህሩ ቀና ብለው አዩኝ። ያልኩትን ቀስ ብለው፣ ክፍሉ እንዲሰማ አድርገው ደገሙት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለሳምንታት ልጆቹ በረንዳ ላይ ሲያገኙኝ «ኢስላንድ!» ይሉኝ ነበር። እናንተ አሁን «ሙድ ያዙብኝ» የምትሉት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል እጄን አላወጣሁም። ፈተና ላይ ጥሩ ነጥብ አመጣ ስለነበር ዝምታዬን ማንም እንደ ችግር አልቆጠረውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን ቃል ታሪክ አነበብኩ። ያ ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ «ስ» የሚል ድምፅ ኖሮት አያውቅም። ከላቲን ከመጣ ሌላ ቃል ጋር ዘመድ የመሰላቸው ጸሐፊዎች ናቸው ፊደሉን መሃል ላይ የሰነቀሩበት። ስለዚህ ስህተቱ ከእኔ በፊት በጽሕፈቱ ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ በፊደል ያደግሁ ልጅ ነኝ። በእኛ ዘንድ የተጻፈ ይነበባል። «ደ» ከተጻፈ «ደ» ይባላል። «ከምፍተብል» የሚባለውን «ከምፎርቴብል» ብላችሁ ያነበባችሁ ጊዜ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ቃሉን በዓይናችሁ አውቃችሁታል፣ ጆሯችሁ ግን ገና አላገኘውም ማለት ነው። መድኃኒቱ አንዴ መስማትና አምስት ጊዜ ማለት ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አይደለም።

ይኼን ሁሉ በራሴ ላይ አይቼ እንኳ መምህር ስሆን ያንኑ አደረግሁ። ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። አንዲት ልጅ ተነሥታ ስለ እናቷ ትናገር ነበር። እናቷ ገበያ አትክልት ይሸጣሉ። «ቬጀቴብል» አለች። አቋረጥኳትና «ቬጅተብል» አልኳት። ደገመችልኝና ቀጠለች። ድንቹን «ቦቴቶ» አለችው። እንደገና አቋረጥኳት፣ «ፖቴቶ» አስባልኳት። ሦስተኛ ጊዜ ሳቋርጣት «ጨርሻለሁ» አለችና ተቀመጠች። አልጨረሰችም ነበር። እናቷ በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ አንድ ነገር ገጥሟቸው ነበር፣ እሱን ልትነግረን ነበር የተነሣችው። እኔ «ፕ» እና «ብ» ላይ ቀረሁ። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በኋላ በፈቃዷ ስትናገር አልሰማኋትም። ይቅርታ ልጠይቃት እድል አላገኘሁም። ፊቷ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲናገር የሰማሁትን ስህተት በወረቀት እየያዝኩ፣ ሐሳቡን ከጨረሰ በኋላ ብቻ መንገር ጀመርኩ። ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። መምህር ለመሆን የምትማሩ ካላችሁ ይኼን እለምናችኋለሁ፤ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ።

ጥፋቱ ሁሉ የናንተ እንዳይመስላችሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። ክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። መምህሩ አንድም ቃል ባይተነፍስ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። 9ኛ ክፍል ስትገቡ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ትማራላችሁ። ትሰማላችሁ፣ ከሰሌዳ ትገለብጣላችሁ፤ የምትናገሩት ግን ስንት ነው? የ12ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተናም ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው። አፋችሁን የሚጠይቅ ክፍል የለውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማው ክፍላችን ሲገባ ደግሞ ትዝ ይለኛል። ስክሪኑ ላይ ያሉት መምህር ይጠይቃሉ፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃሉ፣ መልሱን ራሳቸው ይናገራሉ። ልጆቹ ገና ጥያቄውን ሲፈቱ ትምህርቱ አልፏል። ለጆሮ ጥሩ ነበር። አፍ ግን አልተከፈተም።

ጆሮ ብቻውን እንደማይበቃ በሌላ አገርም ታይቷል። ካናዳ ውስጥ ቤታቸው እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ትምህርት ቤት ግን በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ሜሪል ስዌን የተባለች ተመራማሪ እነዚህን ልጆች አጥንታ በ1985 እ.ኤ.አ. ሐሳቧን ጻፈች። ልጆቹ ለዓመታት ፈረንሳይኛ ሰምተዋል፣ የሚሰሙትንም ደህና አድርገው ይረዳሉ። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ፈረንሳይኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ እኩዮቻቸው ኋላ ነበሩ። እሷ ምክንያቱን ስታስረዳ ልጆቹ ራሳቸው እንዲናገሩ የሚገፋፋቸው ነገር አነስተኛ ነው አለች። ያን ሳነብ የኔን ክፍሎች ነው ያየሁት።

ዝምታ የሚወስድባችሁ ሌላም ነገር አለ፤ ይኼኛው በቀላሉ አይታይም። ኮሌጅ ሳስተምር አንድ ተማሪ ነበረኝ። ድርሰቱ ላይ «ቨልነረብል»፣ ለጉዳት የተጋለጠ፣ የሚለውን ቃል በትክክል ተጠቅሞበታል። ስለ ድርሰቱ በቃል ሲያስረዳ ግን «ዊክ» አለ። ደካማ ማለት ነው፤ ለጉዳት መጋለጥና ደካማነት አንድ አይደሉም። «ለምን የጻፍከውን ቃል አልተጠቀምክበትም?» አልኩት። «ቲቸር፣ አፌ ላይ ስለሚንገዳገድብኝ ሼም ያዘኝ» አለኝ። አያችሁ? ቃሉን የመረጠው ለትርጉሙ ብሎ አልነበረም። ምላሱን እንዳያደናቅፈው ብሎ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው የሚያስበውን ሳይሆን የሚደፍረውን ብቻ ይናገራል። ሰሚው ደግሞ የሚመዝነው በሰማው ነው። በጽሑፍ አዋቂ የሆነ ልጅ በቃል ጊዜ ልጅ ይመስላል። ያልተናገረው ቃልም ውሎ አድሮ ከራሱ ይጠፋል።

«ትክክለኛው አነጋገር የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቤታችን ውስጥ የተጣላንበት ነው። ታላቅ ወንድሜን እንግሊዝኛ ያስተማረው አሜሪካዊ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ ነው። የፒስ ኮር መምህራን ኢትዮጵያ የገቡት በ1955 መጀመሪያ ነበር፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው ያስተምሩ ነበር። እኔን ደግሞ ያስተማሩኝ ከህንድ የመጡ መምህር ናቸው። በዚያ ዘመን በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ህንዳዊ መምህር ማግኘት የተለመደ ነበር። ወንድሜ «ስኬጁል» ይላል። እኔ «ሼጁል» እላለሁ። እሱ ውኃውን «ዋረር» ሲል እኔ «ዎተር» እላለሁ። እራት ላይ እንከራከራለን። አባታችን እንግሊዝኛ አያውቁም፤ «ሁለታችሁም ተምራችሁ እንዴት ሁለት ዓይነት ሆነ?» ይሉን ነበር። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ያኔ ግን እያንዳንዳችን የሌላውን ስህተት አድርገን ነበር የምንሰማው። እናንተ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የናይጄሪያውን፣ የአውስትራሊያውን፣ የስኮትላንዱን ትሰማላችሁ። አንዱ ሌላውን አይመስልም። አንድ ብቻ ልክ አነጋገር አለ ብሎ የሚያስፈራራችሁ ካለ አትመኑት።

የሚያሳዝነኝ ነገር ደግሞ ይኼ ነው። አንድ ፈረንጅ ሁለት ቃል አማርኛ ሲናገር እናጨበጭባለን። «ጠና ይስጥልኝ» ቢለን «ውይ፣ ጎበዝ! አማርኛ ይችላል!» እንላለን። «ዋና» የሚለውን ሲያላላው ዋነኛ ማለቱ ይሁን ውኃ ዋና ማለቱ ከነገሩ እንረዳለን፣ አናርመውም። የገዛ ወንድማችን በእንግሊዝኛ አንድ ድምፅ ሲስት ግን «እንግሊዝኛውን ሰባበረው» እንላለን። ለእንግዳ የሰጠነውን ትዕግሥት ለልጆቻችን ነፈግን። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እየተባልን ማደጋችንም ሳይጨምርበት አልቀረም። ለምስጢርና ለክፉ ቃል ጥሩ ምክር ነው። ለቋንቋ ተማሪ ግን አይሆንም። ቋንቋ የሚማር ሰው ከአፉ ማውጣት አለበት፣ መልሶም ማውጣት አለበት።

ሰሚው ምን ያህል ይረዳል የሚለውን በቁም ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። መሬይ መንሮና ትሬሲ ደርዊንግ የተባሉ ሁለት ካናዳውያን በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት እወደዋለሁ። የቻይናው ማንደሪን አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ቀረጹ። ከዚያ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች እየሰሙ የሰሙትን እንዲጽፉ አደረጉ። ሰሚዎቹ «ይኼ ሰው ቅላፄው ከባድ ነው» ያሉትን ንግግር ራሱ ብዙ ጊዜ ቃል በቃል በትክክል ጽፈውታል። ስለዚህ የውጭ ሰው መሆናችሁ ከአነጋገራችሁ መታወቁ አንድ ነገር ነው፣ የምትሉት አለመሰማቱ ሌላ ነገር ነው። እናንተ ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ ነው የምትፈሩት።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ወደ ሰማይ ተመልከቱ። ፓይለትና የበረራ ተቆጣጣሪ የሚመዘኑበት የእንግሊዝኛ ደረጃ አለ። ያወጣው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ስድስት ደረጃ አለው። ለዓለም አቀፍ በረራ የሚጠየቀው ዝቅተኛው አራተኛው ነው። መጨረሻውና ትልቁ ስድስተኛው ላይ እንኳ አነጋገሩ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ወይም የአካባቢ ጠረን ሊኖረው እንደሚችል ተጽፏል። የሚጠየቀው ያ ጠረን መልእክቱን እንዳያደናቅፍ ብቻ ነው። የሰው ሕይወት በአንድ ቃል ላይ በሚንጠለጠልበት ሥራ ማለት ነው። ሌላም ልጨምር። በሬዲዮ ቁጥር ሲነገር ሦስትን «ትሪ» በሉ ይላል ደንቡ። ሺን «ታውሳንድ» በሉ ይላል። እናንተ ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መሃል አድርጋችሁ ስትጨነቁበት የከረማችሁትን ያን ድምፅ፣ በሬዲዮ ጫጫታ መሃል እንዲሰማ ብለው ተዉት።

ታዲያ «እንደ መጣላችሁ ተናገሩ» እያልኳችሁ አይደለም። ግድ የሚሰጠውን ከማይሰጠው ለዩ ነው የምለው።

እኔ በመጀመሪያ የማስቀምጠው የቃሉ ጉልበት የት ላይ እንደሚያርፍ ማወቅን ነው። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። የኔታ ግዕዝ ሲያስነብቡን ይኼ ተነሽ ነው፣ ይኼ ወዳቂ ነው፣ ይኼኛው ሰያፍ፣ ያኛው ተጣይ እያሉ ያርሙን ነበር። ድምፁን የት አንሥተን የት እንደምንጥል ነው የሚነግሩን። እንግሊዝኛም የሚነሣና የሚወድቅ ድምፅ አለው። «ፎቶግራፍ» ሲባል ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ነው። አንሺው ግን «ፈቶግረፈር» ነው። ጉልበቱ «ቶ» ላይ ሄደ፣ የመጀመሪያው ድምፅ ደበዘዘ። እኛ «ኮሚቴ» የምንለውን እነሱ «ከሚቲ» ይሉታል፣ «ሚ» ላይ ተጭነው። ይኼ ከተሳተ ሌሎቹ ድምፆች ሁሉ ልክ ሆነው ሰሚው ግራ ሊገባው ይችላል። አዲስ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ስታዩ ከትርጉሙ በፊት የጉልበቱን ምልክት ፈልጉ። ቄስ ትምህርት ቤቱ ያስተማረኝ ሌላም ነገር አለ። እዚያ ሁላችንም አንድ ላይ ጮኸን ነው የምናነበው። ድምፁን የቀነሰ ልጅ ይገሠጽ ነበር፤ የኔታ ያልሰሙትን ማረም አይችሉማ።

ቀጥሎ የድምፅ መርዘምና ማጠር ነው። መርከቡም በጉም በእኛ ፊደል «ሺፕ» ተብሎ ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛ ግን የበጉ ረዘም ይላል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የለመድነው ማጥበቅና ማላላት ነው፣ አናባቢ ማስረዘም ይከብደናል። አፋን ኦሮሞ አፍ መፍቻችሁ የሆነ ልጆች በዚህ ትቀድሙናላችሁ፣ ማስረዘምና ማሳጠሩን ከቤታችሁ ይዛችሁት መጥታችኋል። ከዚያ የቃል መጨረሻ አለ። «ካን» እና «ካንት» የሚለያዩት በአንዲት «ት» ነው። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ያቺን «ት» ብትውጧት እችላለሁና አልችልም ይደባለቃሉ። የፈራ ሰው መጀመሪያ የሚውጠው ደግሞ መጨረሻውን ነው። ምላስ በጥርስ መሃል የሚደረግበትን ድምፅ ግን መጨረሻ አድርጉት። ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባለች እንግሊዛዊት በ2000 እ.ኤ.አ. ከተለያየ አገር የመጡ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲግባቡ ምን እንደሚያደናቅፋቸው አጥንታ ስትጽፍ፣ ያን ድምፅ ግድ ከሚሉት ውስጥ አላስገባችውም።

ከአሜሪካ ፊልም ላይ «ር»ን ለመጠቅለል የምትሮጡ ልጆች ደግሞ አሉ። ደስ የሚላችሁ ከሆነ ተጫወቱበት። ግን አፍ ማጣመም መተማመን አይደለም። እንዲህ ያሉ ልጆች ቅላፄው አልሆን ሲላቸው ከሌላው ቀድመው ዝም ሲሉ አይቻለሁ።

እኔ ከሁለቱ ዓመት ዝምታ የወጣሁት በሬዲዮ ነው። የአሜሪካ ድምፅ «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የሚል ፕሮግራም ነበረው። በ1959 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። 1,500 በሚያህሉ ቃላት ብቻ፣ ከተለመደው ዜና ዝግ ብለው ያነቡታል። ዛሬም «ለርኒንግ ኢንግሊሽ» በሚል ስም ቅጂዎቹን ኢንተርኔት ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ማታ የወንድሜን ትራንዚስተር ጆሮዬ ሥር አድርጌ፣ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ እኔ እደግመው ነበር። በኋላ ሳይጨርስ አብሬው ማለት ጀመርኩ። ሲያነሣ አነሣለሁ፣ ሲያርፍ አርፋለሁ። ወራት ፈጅቶብኛል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጄ ራሱ ወጣ።

እናንተ ከትራንዚስተር የተሻለ ነገር ኪሳችሁ ውስጥ አለ። በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። የመጀመሪያ ቀን የገዛ ድምፃችሁን መስማት ያስጠላችኋል፣ ይኼ የሁሉም ሰው ነው። አታጥፉት። ከወር በኋላ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ቅረጹና ሁለቱን አስተያዩ። ሰው ስለ አነጋገሩ ያለው ግምት ብዙ ጊዜ ከአነጋገሩ የባሰ ነው። በጆሯችሁ ስትሰሙት ግምታችሁ ይስተካከላል። የቀረውን ደግሞ የቱ ጋ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ምን አልክ?» ሲሏችሁ የምታደርጉትን አስቀድማችሁ አስቡበት። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቦሌ አካባቢ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሲጀምር የሆነውን አጫውቶኛል። የእንግዳው ክፍል ቁጥር 30 ነው። «ሰርቲ» አለው። እንግዳው «ሰርቲን?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ደነገጠ። ድምፁን ቀነሰ፣ ያንኑ ቃል ደገመ፣ እንግዳው ይበልጥ አልሰማም። ይኼኔ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ባልደረባው መጣች። ዱባይ ከፊሊፒኖቹም ከህንዶቹም ጋር የምትግባባው በእንግሊዝኛ ነበር። ሰዋስዋ ከሱ ያነሰ ነው፤ ራሱ ነው ያለኝ። ቀና ብላ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ስሪ፣ ዚሮ» አለች። እንግዳው አመስግኖ ሄደ። ልጁ «ፈተና ላይ እበልጣታለሁ፣ እንግዳው ግን የተግባባው ከሷ ጋር ነው» አለኝ። እሷ «ምን አልሽ?» መባልን እንደ ክስ አትሰማውም። የሰውየውን ጥያቄ ሰምታ ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። ቃሉ ካልተሰማ በሌላ ቃል፣ ካልሆነ በቁጥር፣ ካልሆነ በጣት። ይኼም የቋንቋ ችሎታ ነው፣ እንዲያውም ትልቁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ትመጣለች። 11ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ይዛ ታነብልኛለች፣ ካነበበች በኋላ ምን እንዳለ በራሷ ቃል ትነግረኛለች። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ እንኳ ድምፅዋ አይሰማኝም ነበር። አንድም ነገር አላልኳትም። በየሳምንቱ ወንበሬን ትንሽ ትንሽ እያራቅሁ ነው። መጀመሪያ በረንዳው ጫፍ፣ ከዚያ የሎሚው ዛፍ ሥር። ያለፈው ቅዳሜ የግቢው በር አጠገብ ነበርኩ። ውጭ ባጃጅ እያለፈ ነው። አንድ ረጅም ቃል ላይ ስትደርስ ተደናቀፈች።

«ምን አልሽ?» አልኳት ከበሩ ሆኜ።

ጋዜጣውን ዝቅ አድርጋ ወደኔ አየች። ቃሉን ከፍ አድርጋ፣ ሁለት ቦታ ከፍላ አለችው። ጉልበቱን ያሳረፈችበት ቦታ ልክ አልነበረም፣ ግን ሰማሁት። በወረቀቴ ላይ ያዝኩት። እሷ ማንበቧን ቀጠለች።